የጌዴኦ የየብስ ቀንድ አውጣዎች፦ የሳንባ ተንፋሾቹ አመዳደብና የስያሜ ስሕተት ዋጋ

መግቢያ

አማርኛ ይህን እንስሳ «ቀንድ አውጣ» ብሎ የሰየመው ከጀርባው ከተሸከመው ቅርፊት ሳይሆን ከጠባዩ ተነሥቶ ነው። ሲነኩት ቀንዱን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ሲረጋጋ ደግሞ መልሶ ያወጣል። የሥነ እንስሳት ምሁራንም ከብዙ ክርክር በኋላ የደረሱበት መለያ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጀርመናዊው አዶልፍ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1855 ለአብዛኞቹ የየብስ ቀንድ አውጣዎች የሰጠው ስያሜ ስታይሎማቶፎራ የሚል ሲሆን፣ ከግሪክኛ ሲፈታ «ዓይኑን በዘንግ ላይ የተሸከመ» ማለት ነው። የአማርኛው ስም የሚያመለክተው ቀንድ ሳይንሳዊው ስም ከሚያመለክተው የዓይን ዘንግ ጋር አንድ ነው።

ይሁን እንጂ ስሙ የጋራ መሆኑ ባለ ስሞቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አያሳይም። በዲላ ዙሪያ በቡና ጥላ ሥር፣ በእንሰት ግንድ ላይ ወይም በወደቀ የብርብራ ቅጠል መካከል የሚገኙ «ቀንድ አውጣዎች» በአመጋገብ፣ በአካል አሠራርና በዝምድና እጅግ የተራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ የበሰበሰ ቅጠል ይበላል፤ ሌላው ያንኑ ቅጠል በሊታ አድኖ ይበላል። አንዱ በቅርፊቱ አፍ ላይ ክዳን አለው፤ ሌላው ክዳን ቀርቶ ቅርፊትም የለው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልሎ መቁጠርም ሆነ በአንድ መድኃኒት መግደል የተሳሳተ መደምደሚያና የማይመለስ ጉዳት ያስከትላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አየር የሚተነፍሱ የየብስ ቀንድ አውጣዎች የሚመደቡበትን ሥርዓት፣ ሥርዓቱ የተለወጠበትን ምክንያትና ለውጡ በጌዴኦ ዞን ለሚካሄድ ምርምር ያለውን ፋይዳ ማስረዳት ነው። ከሕግ ቁጥሮች በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። የእርከን ስሞቹም በአማርኛ የሥነ ሕይወት አጻጻፍ እንደተለመደው መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገንና ዝርያ በሚል ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል።

ሳንባ መኖሩ ዝምድናን ያረጋግጣልን?

ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪየ በ1814 ፑልሞናታ የሚለውን ስም ሲያወጣ መለያው ግልጽ ይመስል ነበር። ስሙ «ሳንባ» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። በእነዚህ እንስሳት ዘንድ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ጊል የሚይዙበት ክፍተት ወደ ሳንባነት ተለውጧል፤ የክፍተቱ ጣሪያ በደም ሥሮች የተሞላ ሲሆን አየር የሚገባውና የሚወጣው በሰውነታቸው ቀኝ ጎን በኩል በሚከፈትና በሚዘጋ አንዲት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ እርጥበት በጎደለ ጊዜ ስለምትዘጋ እንስሳው ውሃ ሳያባክን ለመተንፈስ ያስችለዋል።

ይህ መለያ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆይቷል። ጀርመናዊው ዮሃንስ ቲሌ ከ1929 እስከ 1935 ባሳተመው ታላቅ የሞለስኮች መጽሐፍ የጋስትሮፖዳን መደብ በሦስት ሲከፍል ከሦስቱ አንዱ ፑልሞናታ ነበር። በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት እስከ ቅርብ ጊዜ የቀጠለውም ይኸው አከፋፈል ነው። ሆኖም ሁለት ችግሮች ነበሩበት።

የመጀመሪያው ችግር በየብስ ላይ አየር የሚተነፍስ ቀንድ አውጣ ሁሉ የፑልሞናታ አባል አለመሆኑ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደኖች የሚገኘው ማይዛኒያ የተባለው ወገንና በደረቃማ አካባቢዎች የሚታወቀው ትሮፒዶፎራ እንደ ሌሎቹ በየብስ ይኖራሉ፣ አየርም ይተነፍሳሉ። ነገር ግን የቅርፊታቸውን አፍ በክዳን ይዘጋሉ፤ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ናቸው፤ ዓይናቸውም የሚገኘው በቀንዳቸው ጫፍ ሳይሆን በሥሩ ነው። ከባሕር ወደ የብስ የወጡትም በራሳቸው የተለየ መንገድ ነው። ስለዚህ «አየር ተንፋሽ የየብስ ቀንድ አውጣ» የሚለው አነጋገር የአኗኗር መግለጫ እንጂ የዝምድና ስም ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ችግር ከዘረመል ጥናት የመጣ ነው። ካትሪና ዮርገርና ባልደረቦቿ በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ቀድሞ ከፑልሞናታ ውጭ ይቆጠሩ የነበሩ አንዳንድ የባሕር ቡድኖች በዘረመላቸው ከሳንባ ተንፋሾቹ መካከል እንደሚገቡ ታየ። የድሮው ፑልሞናታ አንድን ቅድመ አያትና ዘሮቹን በሙሉ የሚይዝ ምሉዕ ቤተሰብ አለመሆኑም ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ፓንፑልሞናታ የሚለው ሰፋ ያለ ስም ጥቅም ላይ ውሏል። ፊሊፕ ቡሼና ዣን ፒየር ሮክርዋ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ያወጡትና በ2017 ያደሱት የጋስትሮፖዳ አመዳደብም ይህን ለውጥ ተቀብሏል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሽሚት ስታይሎማቶፎራ አልፈረሰም። አባላቱ ሁለት ጥንድ ቀንድ አላቸው፤ ዓይኖቹ በላይኛው ጥንድ ጫፍ ላይ ይገኛሉ፤ ቀንዶቹም እንደ ጓንት ጣት ወደ ውስጥ ተገልብጠው ይገባሉ። ክዳን የላቸውም፤ በድርቅ ጊዜ የቅርፊታቸውን አፍ የሚዘጉት በደረቀ ልጋግ ነው። እያንዳንዱ እንስሳም የወንዴና የሴቴ የመራቢያ አካል በአንድነት ይይዛል። በውሃ ውስጥ እየኖሩ አየር የሚተነፍሱት፣ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ባዮምፋላሪያና ቡሊነስ እንዲሁም የጉበት ትል የሚያስተላልፉት ሊምኒያዎች፣ የሩቅ ዘመዶቻቸው ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ጥንድ ቀንድ ብቻ ስላላቸውና ዓይናቸው በሥሩ ስለሆነ ከስታይሎማቶፎራ ውጭ ይመደባሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ በእንዶድ ላይ ያደረጉት ዝነኛ ምልከታ የተመለከተው እነዚህን የውሃ ዘመዶች ነው።

ቅርፊት፣ ኩላሊትና ዘረመል

በስታይሎማቶፎራ ውስጥ ዝርያዎችን ወደ አስተኔ ለመመደብ ሦስት የማስረጃ ዓይነቶች በየዘመናቸው ቀዳሚ ሆነው አገልግለዋል። የመጀመሪያው ቅርፊት ነው። ቅርፊት እንስሳው ከሞተ በኋላም ይቆያል፤ ለመሰብሰብና ለመላክ ይመቻል። የመጠምዘዣው ብዛት፣ የአፉ ቅርጽ፣ በአፉ ውስጥ ያሉ ጥርስ መሰል ጉብታዎችና የመካከለኛው ዓምድ አጨራረስ ዛሬም ጠቃሚ መለያዎች ናቸው። ለምሳሌ በአካቲናና በሊሚኮላሪያ ወገኖች መካከል በመስክ ላይ የሚደረገው የተለመደ ልዩነት የሚመሠረተው በዚሁ ዓምድ ላይ ነው፤ የአካቲና ዓምድ ከታች እንደተቆረጠ ሆኖ ሲያበቃ የሊሚኮላሪያ ሳይቆረጥ ከአፉ ጠርዝ ጋር ይያያዛል።

ቅርፊት ግን ያታልላል። ዴኒስ ኦወን በ1960ዎቹ በኡጋንዳ በሊሚኮላሪያ ማርቴንሲያና ላይ ያደረጋቸው ጥናቶች እንዳሳዩት የአንድ ዝርያ አባላት በአንድ ስፍራ እየኖሩ በቅርፊት ቀለምና ዝንጉርጉርነት እጅግ ይለያያሉ። በአንጻሩ የዘመድ ልዩነት ያላቸው እንስሳት ተመሳሳይ ኑሮ ስለሚኖሩ ብቻ ተመሳሳይ ቅርፊት ይይዛሉ። በእርጥብ ደን ውስጥ ቅርፊትን ማሳነስና ማቅለል ከአንድ ጊዜ በላይ የተከሰተ ለውጥ ነው፤ ቅርፊት አልባዎቹም የአንድ ቤተሰብ ልጆች አይደሉም።

ሁለተኛው ማስረጃ የውስጥ አካል ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ፒልስብሪ በ1900 የሽንት ቱቦን አቅጣጫ መሠረት ያደረገ አከፋፈል አቀረበ። ቱቦው ከኩላሊት ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የሚወጣባቸውን ኦርቱሬትራ አላቸው፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ተጠምዝዞ፣ ከአንጀት መጨረሻ ጋር ወደ ፊት የሚመለስባቸውን ሲግሙሬትራ አላቸው፤ በጎን የሚዞርባቸውን ደግሞ ሄቴሩሬትራ አላቸው። ክፍፍሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት የየብስ ቀንድ አውጣዎች ጥናት ምሰሶ ሆነ። ጥቅሙ ከቅርፊት በላይ ጥልቅ መሆኑ ነው። ጉድለቱም ከጥቅሙ የመነጨ ነበር፤ ውሃን መቆጠብ ለየብስ እንስሳ የሕይወት ጉዳይ በመሆኑ ረጅምና የተጠማዘዘ ቱቦ ዝምድና በሌላቸው ቡድኖች ውስጥም ሊፈጠር ይችላል።

ሦስተኛው ማስረጃ ዘረመል ነው። ክሪስቶፈር ዌድ፣ ፒተር ሞርደንና ብራያን ክላርክ በ2001 ከ50 አስተኔዎች የተውጣጡ 104 ዝርያዎችን በራይቦሶማዊ ዘረመል አነጻጸሩ። ውጤቱ በፒልስብሪ ክፍሎች ላይ ሌላ መስመር አሰመረ፦ ስታይሎማቶፎራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፈለው በአካቲናዎቹ ወገንና በሌሎቹ መካከል ነው። ኦርቱሬትራ በሁለተኛው ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ቡድን ሆኖ ሲቀር ሲግሙሬትራ ግን እንደ አንድ ቤተሰብ ሊቆም አልቻለም። በ2017ቱ አመዳደብ አካቲኒና የተባለው ንዑስ ክፍለ መደብ ይህን የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ይወክላል።

ከዚህ ግኝት ለምሥራቅ አፍሪካ ይበልጥ አስገራሚ የሆነው የሥጋ በሎቹ ጉዳይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥጋ በል ቀንድ አውጣዎች መንጋጋ ስለሌላቸው ብቻ ከዓለም ዙሪያ ተሰብስበው በአንድ ቡድን ይመደቡ ነበር። ዘረመሉ ግን ስትሬፕታክሲዴ የተባለውን የአፍሪካ ሥጋ በል አስተኔ ከዕፅዋት በሎቹ አካቲኒዴ አጠገብ አስቀመጠው። ስለዚህ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝመው አዳኙ ጉሌላ፣ ጣት የሚያክለው ቅጠል በሊታ ሊሚኮላሪያ ከብዙዎቹ ሌሎች ቅጠል በሎች ይልቅ የሚቀርበው ዘመዱ ነው። አመጋገብን ከዝምድና ለይቶ ማየት ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለጌዴኦ ተመራማሪ ቀዳሚ የሆኑ አስተኔዎች

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችና በስምጥ ሸለቆው ዙሪያ ለሚሠራ ተመራማሪ አምስት ቡድኖችን ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያ መሠረት ነው።

አንደኛው አካቲኒዴ ነው። ትልልቆቹ ሊሚኮላሪያዎች በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። በ2017ቱ አመዳደብ ደግሞ ቀደም ሲል ሱቡሊኒዴ ተብለው ራሳቸውን ችለው የቆዩት፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ረጅም ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ወደ አካቲኒዴ ተጠቃልለዋል። ስለዚህ የቆየ ጽሑፍ ሁለት አስተኔ ብሎ የቆጠረውን አዲስ ጽሑፍ አንድ ብሎ ሊቆጥረው ይችላል፤ ሁለቱን ሳያስታርቅ ያነጻጸረ ተመራማሪ የሌለ ለውጥ አየሁ ይላል።

ሁለተኛው ስትሬፕታክሲዴ ነው። የጉሌላ ወገን በአፍሪካ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን ብዙዎቹ በቅርፊታቸው አፍ ውስጥ ባሉ ጥርስ መሰል ጉብታዎች ይለያሉ። ቤን ሮውሰንና ባልደረቦቹ በ2011 ያወጡት የዘረመል ጥናት እንዳመለከተው ግን ጉሌላ ራሱ አንድ ወጥ ወገን አይደለም።

ሦስተኛው ሴራስቲዴ ነው። ቅርፊታቸው ሾጣጣ ሲሆን ብዙዎቹ በዛፍ፣ በቁጥቋጦና በድንጋይ ላይ ይገኛሉ። ለረጅም ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ኤኒዴዎች ጋር ተቀላቅለው ቆይተዋል፤ የተለዩት የውስጥ አካላቸው ከተመረመረ በኋላ ነው። የስርጭታቸው ዋና ክልል አፍሪካና ዓረብ በመሆኑ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ለዚህ አስተኔ ጥናት ቁልፍ ስፍራ ናቸው።

አራተኛው ዩሮሳይክሊዴ ነው። በዚህ አፍሪካዊ አስተኔ ውስጥ ሙሉ ቅርፊት ያላቸው፣ ሊከቱበት የማይችሉት ትንሽ ቅርፊት የተሸከሙና ቅርፊታቸው ከቆዳ በታች የተደበቀ አባላት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ስለዚህ «ቅርፊት አለው፣ የለውም» የሚለው መለያ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ አያገለግልም።

አምስተኛው ሱክሲኒዴ ነው። ቅርፊታቸው ስስና ብርሃን አስተላላፊ ሲሆን በረግረግና በወንዝ ዳር ይበዛሉ። ፒልስብሪ ሄቴሩሬትራ ብሎ የለያቸውም እነዚህን ነው። ከሁሉም ውስጥ በቅርፊት ብቻ ዝርያን ለመለየት አስቸጋሪ የሆኑት እነርሱ ናቸው።

ስሞቹ ከየት መጡ?

የኢትዮጵያ የየብስ ቀንድ አውጣዎች ስሞች በአብዛኛው የተሰጡት በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓ ነው። ካርል ጂኬሊ በ1870 እና 1871 በቀይ ባሕር ዳርቻና በሰሜኑ ከፍተኛ ቦታ ተዘዋውሮ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን የየብስና የውሃ ሞለስኮች የሚመለከት መጽሐፉን በ1874 አሳተመ። ፈረንሳዊው ዡል ረኔ ቡርጊኛ በ1883 የአቢሲኒያን ሞለስኮች ታሪክ፣ በ1885 ደግሞ ፖል ሶሌዬ በሸዋ ጉዞው የሰበሰባቸውን አወጣ። ጣሊያናዊው ካርሎ ፖሎኔራ በ1888 ስለ ሸዋና ስለ አዋሽ ሸለቆ ጻፈ።

እነዚህ ሥራዎች ያለ እነርሱ መንቀሳቀስ የማይቻል መሠረት ቢሆኑም ሁለት ውርስ ትተዋል። አንደኛው የስም ብዛት ነው። ቡርጊኛ በቅርፊት ላይ ያያትን ትንሽ ልዩነት ሁሉ የዝርያ ልዩነት አድርጎ በመቁጠር የታወቀ ነበር፤ በዚህም ምክንያት አንድ ዝርያ ብዙ ስም ይዞ ይገኛል። ሁለተኛው የርቀት ችግር ነው። አንድ ስም የተመሠረተበት ዋናው ናሙና የሚገኘው በበርሊን፣ በጄኔቫ ወይም በጣሊያን ቤተ መዘክሮች ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ደረቅ ቅርፊት ብቻ ነው።

ለጌዴኦ የሚቀርበው ታሪካዊ ስብስብ የኦስካር ኑይማን ነው። ኑይማን ከካርሎ ፎን ኤርላንገር ጋር የጀመረውን ጉዞ በ1900 እና 1901 በደቡብ ኢትዮጵያ አድርጎ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው የጀምጀም ከፍተኛ ቦታ ናሙና ሰብስቧል። በአማርኛ የባሌ ጦጣ የሚባለው እንስሳ በ1902 ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጀምጀም ነው። ኑይማን የሰበሰባቸውን የየብስ ቀንድ አውጣዎች በ1933 በበርሊን መርምሮ ያሳተመው ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው ዮሃንስ ቲሌ ነበር። የፑልሞናታን ስም በመማሪያ መጻሕፍት ያጸናው እጅና የደቡብ ኢትዮጵያን ቅርፊቶች የሰየመው እጅ አንድ ነው። አመዳደቡ ሲለወጥ የእነዚህ ስሞች ቦታም አብሮ መለወጡ የማይቀር ነው።

የስም ጉዞ በሊሚኮላሪያ ካምቤል ይበልጥ ይታያል። ሚሼል አዳንሶን በ1757 ስለ ሴኔጋል ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ቀንድ አውጣ «ካምቤል» ብሎ መዘገበው፤ በኋላ ብሩግዬር ሳይንሳዊ ስም አደረገው። ሜላኒ ሌንግና ባልደረቦቿ በ1998 ያጠኑት ከኢትዮጵያ የተገኘ ቅርፊትም የተጠቀሰው በዚሁ ስም ሥር ነው። ተመራማሪዎቹ የቅርፊቱን የዕድገት መስመር ተከትለው የካርቦንና የኦክስጅን አይሶቶፖችን በመለካት ቅርፊቱ የዝናብና የበጋ መፈራረቅ መዝገብ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ መዝገብ የሚነበበው ግን እንስሳው ምን እንደሚበላና በየትኛው ወቅት እንደሚያድግ ከታወቀ ብቻ ነው፤ ይህም ከዝርያው መታወቅ ጋር የተሳሰረ ነው።

የስያሜ ስሕተት ዋጋ

አመዳደብ የቤተ መዘክር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የፓሲፊክ ደሴቶች ታሪክ በግልጽ ያስተምራል። ከምሥራቅ አፍሪካ የተነሣው ግዙፉ ቀንድ አውጣ ሊሳካቲና ፉሊካ በንግድና በሰው እጅ ተዛምቶ በሞቃታማው ዓለም የሰብል ጠላት ሆነ። እርሱን ለመግታት በ1950ዎቹ ወደ ሃዋይ ሥጋ በል ቀንድ አውጣዎች ገቡ፤ ከእነርሱም መካከል ከኬንያ የተወሰዱ የስትሬፕታክሲዴ አባላት ነበሩ። በ1977 ደግሞ ኢውግላንዲና ሮዚያ የተባለው የአሜሪካ አዳኝ ወደ ሞሪያ ደሴት ተወሰደ። አዳኙ ግዙፉን ቀንድ አውጣ ትቶ በደሴቲቱ ብቻ ይገኙ የነበሩትን ፓርቱላ የተባሉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሳደደ፤ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከዱር አጠፋቸው። ውሳኔው «ቀንድ አውጣ» የሚለውን የወል ስም እንደ አንድ ጠላት ያየ ነበር።

ጉዳቱ የደሴቶች ብቻ አይደለም። ቻርልስ ሊዲያርድና ባልደረቦቹ በ2004 ባቀረቡት ዳሰሳ፣ ከ1500 ወዲህ ከተመዘገቡት 693 የእንስሳት ጥፋቶች 42 በመቶው የሞለስኮች ነው። ብዙዎቹ የጠፉት በጠባብ አካባቢ ብቻ የሚኖሩ የየብስና የጣፋጭ ውሃ ዝርያዎች ናቸው። ቀንድ አውጣ በዝግታ ይጓዛል፤ የኖረበት ደን ሲጠፋ ሌላ ፍለጋ አይሄድም።

በጌዴኦ ሁኔታ ሦስት ስሕተቶች ሊፈጠሩ ይችላሉ። አንደኛ፣ የአገሩን ሊሚኮላሪያ ከግዙፉ ወራሪ ጋር ማምታታት ያላግባብ ድንጋጤ ይፈጥራል፤ ወይም በተቃራኒው እውነተኛው ወራሪ ሲመጣ ሳይታወቅ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ሜታልዴሃይድን የመሰለ የቀንድ አውጣ መርዝ ጎመን የሚበላውን ከሚያድነው ጉሌላ አይለይም፤ አዳኙ አብሮ ሲሞት የቅጠል በሊታው ቁጥር ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ሦስተኛ፣ የቀንድ አውጣ ብዛትን ለመሬት አያያዝ ጥራት መመዘኛ ያደረገ ጥናት ዝርያዎቹን ካልለየ ይሳሳታል። ደን ሲመነጠር የሰፊ ስፍራ ዝርያዎች ሊበዙ፣ የደን ዝርያዎች ሊጠፉ ይችላሉ፤ ጠቅላላ ድምሩ ግን ሳይለወጥ ይታያል።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንደ ጥናት መስክ

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ከተጠቀሱት እሴቶች ዋናው የተደራረበው እርሻ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ በታች ቡናና ሌሎች ቁጥቋጦዎች ይበቅላሉ። በእርሻው መካከል ደግሞ በሥርዓተ እምነት የተጠበቁ ደኖችና የጥንት ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ታደሰ ኪጴ በ2002 በዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የዚህን አሠራር ዘላቂነት በሰፊው መርምሯል።

ይህ አቀማመጥ ለቀንድ አውጣ ጥናት ሦስት አመቺ ንጽጽሮችን ያቀርባል። የመጀመሪያው የከፍታ ንጽጽር ነው። ከአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ካለው ቆላ ተነሥቶ በዲላ፣ በወናጎና በይርጋጨፌ በኩል እስከ ቡሌ ደጋ ድረስ በአጭር ርቀት የሙቀትና የእርጥበት ለውጥ ይገኛል። ሁለተኛው የመሬት አያያዝ ንጽጽር ነው። የተጠበቀ ደን፣ የእንሰትና ቡና ጥምር እርሻ፣ የባሕር ዛፍ ተክልና የጫት ማሳ ጎን ለጎን ሊመረመሩ ይችላሉ። ጥያቄውም የጠራ ነው፦ ጥምር እርሻው የደን ቀንድ አውጣዎችን ያስጠልላልን፣ ወይስ የሰፊ ስፍራ ዝርያዎችን ብቻ ይይዛል? ሦስተኛው የአፈር ንጽጽር ነው። ቀንድ አውጣ ቅርፊቱን የሚሠራው ከካልሲየም ስለሆነ በአሲዳማ አፈር ላይ የሚያገኘው ካልሲየም በአመዛኙ ከሚረግፍ ቅጠል የሚመጣ ነው። የዛፉ ዓይነት ሲለወጥ የቅጠሉ ካልሲየም ይለወጣል፤ ከዚያም ጋር የቀንድ አውጣው ኑሮ ይለወጣል።

የናሙና አሰባሰቡ ከአመዳደቡ ጋር መጣጣም ይኖርበታል። በዓይን ብቻ የሚፈልግ ሰው ትልልቆቹን ያገኛል፤ ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆኑት ጉሌላዎች የሚገኙት የወደቀ ቅጠልና የላይኛው አፈር ተሰብስቦ፣ ደርቆ፣ በወንፊት ሲነፋ ነው። ቶን ደ ዊንተርና ኤድሙንድ ጊተንበርገር በ1998 ባሳተሙት ጥናት በደቡብ ምዕራብ ካሜሩን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ደን 97 ዝርያ መመዝገባቸው የታናናሾቹን ድርሻ ያሳያል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚበረታበት በጌዴኦ ደግሞ ፍለጋው በሁለቱም የዝናብ ወቅቶች መደገም አለበት፤ በድርቅ ጊዜ ብዙዎቹ በአፈር ውስጥና በእንሰት ቅጠል ሽፋኖች መካከል ይሸሸጋሉ።

የሞተ ቅርፊት ለዝርዝር ይጠቅማል፤ ለምደባ ግን ሕያው እንስሳ ያስፈልጋል። የተለመደው አሠራር እንስሳውን በተዘጋ ዕቃ፣ አየር በሌለበት ውሃ ውስጥ አቆይቶ ሰውነቱ ተዘርግቶ እንዲሞት ማድረግ፣ ከዚያም በከፍተኛ መጠን በጠራ አልኮል ማቆየት ነው። በዚህ መንገድ የመራቢያ አካሉና የሽንት ቱቦው ሊመረመር፣ ዲ.ኤን.ኤውም ሊነበብ ይችላል። ቅርፊቱ፣ የውስጥ አካሉና ዘረመሉ ከአንድ እንስሳ ሲገኙ ሦስቱ የማስረጃ ዓይነቶች እርስ በርስ ይፈተሻሉ። ናሙናውም ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የተገኘበት ተክል ተጽፎበት በአገር ውስጥ ስብስብ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ቤተ መዘክር፣ መቀመጥ ይገባዋል። ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ስለ ጀነቲክ ሀብት አርክቦት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚጠይቀው ፈቃድ አስቀድሞ መገኘት አለበት። አንድ መቶ ዓመት የዘለቀው የርቀት ችግር የሚቀረፈው ዋናው ናሙና ከተሰበሰበበት አገር ሳይርቅ ሲቀር ነው።

ማጠቃለያ

የአየር ተንፋሽ የየብስ ቀንድ አውጣዎች አመዳደብ ከቅርፊት ወደ ኩላሊት፣ ከኩላሊት ወደ ዘረመል ሲሸጋገር ቀዳሚውን ማስረጃ ፈጽሞ አልሻረም፤ እያንዳንዱን በልኩ አስቀመጠው። ፑልሞናታ የኑሮ ስልት መግለጫ ሆኖ ሲቀር ስታይሎማቶፎራ እንደ ቤተሰብ ጸንቷል። አዳኙና ታዳኙ የቅርብ ዘመዶች መሆናቸው ታውቋል። የድሮ ስሞችም በአዲስ ቦታ ተቀምጠዋል።

በጌዴኦ ይህ እውቀት የሚመዘነው በተግባር ነው። በእንሰትና በቡና መካከል የሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች የቅጠል አፍራሾች፣ የሰብል በሊታዎችና አዳኞች ድብልቅ ናቸው፤ የመርዝ ርጭት፣ የዛፍ ለውጥና የቅርስ ጥበቃ ውሳኔዎች ሁሉ ይነኳቸዋል። ስለሆነም በዞኑ ለሚካሄድ ማንኛውም የብዝኃ ሕይወት ወይም የሰብል ጥበቃ ጥናት «ቀንድ አውጣ» የሚለው ቃል የምርመራው መነሻ እንጂ መደምደሚያ ሊሆን አይገባም። ቢያንስ እስከ አስተኔ ድረስ የተለየ፣ ሕያው ናሙናው የተቀመጠለትና አዳኙን ከቅጠል በሊታው የነጠለ ቆጠራ ውሳኔ ሊሰጥበት የሚችል የመጀመሪያው ቆጠራ ነው።